ከ«ዲ» አትውጪ

ባለፈው ሳምንት ሳሪስ መጋረጃ ልገዛ አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ባለሱቋ ከመደርደሪያው ሥር ጣቃ ጨርቅ ስትጎትት የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው ተናደድኩ። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ «ዋጋውን ገና አልነገርኩሽም እኮ» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ሌላው ሰው ናፍታሊን ሲሸተው የእናቱ የልብስ ሳጥን ትዝ ይለዋል። እኔ ትዝ የሚለኝ አኮርዲዮን ነው። አኮርዲዮኑ ጋሽ ታደለን ይዞብኝ ይመጣል። ጋሽ ታደለ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል የነበርኩበትን ዓመት ይዘውብኝ ይመጣሉ፤ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ በየቅዳሜው «ዝቅ አድርጊው፣ ከዲ አትውጪ» እየተባልኩ የተቃጠልኩበትን ዓመት።

ሲጀመር ጥፋቱ የእኔ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አቃቂ ያለው ትምህርት ቤታችን ከአንድ በጎ አድራጊ ኦርጋን አገኘ። ኦርጋን የምንለው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ ነጭና ጥቁር ቁልፍ የተደረደረበትን ነው። የሙዚቃ አስተማሪያችን ቲቸር ዮናስ ካርቶኑን ክፍል ውስጥ ከፍቶ አሳየን። ለዓመቱ መጨረሻ የወላጆች በዓል እሱ የደረሰውን ዘፈን ራሄል እንደምትዘፍን ነገረንና «ከእሷ ጋር ኦርጋን የሚጫወትልን ማን አለ?» አለ። እጄን አወጣሁ። መጫወት አልችልም። እጄን ያወጣሁት ሌላ ሰው እንዳያወጣ ነው። ራሄል ጓደኛዬ ናት፤ ዘፈን ስታነሳ ግቢው ሁሉ ዝም ይላል። መድረክ ላይ ከእሷ አጠገብ የሚሆን ሰው ካለ ያ ሰው እኔ መሆን አለብኝ ብዬ ነው። ቲቸር ዮናስ «ትችያለሽ እንዴ?» ሲለኝ «ጎረቤታችን እያስተማሩኝ ነው» አልኩት።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ተቆጣች። «ከዋሸሽ አይቀር በይ ውሸትሽን እውነት አድርጊው» ብላ እጄን ይዛ ወደ ጋሽ ታደለ ቤት ወሰደችኝ።

ጋሽ ታደለ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በደርግ ጊዜ ፋብሪካው የራሱ የኪነት ቡድን ነበረውና አኮርዲዮን የሚጫወቱት እሳቸው ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ፈረሰ። ጡረታ ሲወጡ የሥራ ጓደኞቻቸው ለምነው አኮርዲዮኑን አሰጧቸው። በብረት ሳጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ተበትኖበት ይኖራል። ሲወጣና ሆዱ ሲለጠጥ ያንን ሽታ ሰው ፊት ላይ ይተነፍሳል። የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ። ጋሽ ታደለ ያሾፍኩባቸው መስሏቸው «ሙዚቃ ይሳቅበታል?» ብለው ተቆጡኝ። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ሲያወሩ ይጮሃሉ። ይኸኛው እንኳን አዲስ አልነበረም። በሰፈራችን ከሽመና ክፍል የወጣ ሰው ሁሉ ይጮሃል፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሲንሾካሾኩ ከአጥር ውጪ ይሰማል። ፋብሪካው ውስጥ ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲንኳኩ ጆሮህ ሥር ቢጮህብህም አይሰማም ነበር አሉ። ስለዚህ ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት በከንፈር ነው። የጋሽ ታደለ ባለቤት እትዬ ዘነበችም እዚያው ክፍል የኖሩ ናቸው። ባልና ሚስት በግቢው ወዲያና ወዲህ ማዶ ቆመው፣ ድምፅ ሳያወጡ፣ አፋቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ወሬያቸውን ይጨርሳሉ። እኔ እኔን የሚያሙኝ ይመስለኝ ነበር። እያንዳንዱን ቅዳሜ እየታማሁ እንደተማርኩ ነው የምቆጥረው።

ሕጋቸው ብዙ ነው። አንደኛ፣ ስናገር ወደ እሳቸው ዞሬ፣ አፌን በደንብ ከፍቼ ነው። አጎንብሼ ከመለስኩ መልሱን እንዳልሰጠሁ ይቆጠራል። ይኼ ለታላቅ የሚሰጥ ክብር መሰለኝና ቻልኩት። ሌላው ሕግ አኮርዲዮኑን አለመንካት ነው። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ አላስነኩኝም። ግድግዳው ላይ በከሰል በቀኝ በኩል ያሉትን፣ የኦርጋን የሚመስሉትን ቁልፎች ሥለው፣ እኔ ግድግዳ በጣቴ ስነካ ኖርኩ። ራሄል ሰኞ «ስንት ዘፈን ቻልሽ?» ስትለኝ ምን እንደምላት ይጠፋኛል። ጥፍሬ ሥር ያለውን ከሰል አሳያት ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ ስለ ኮርድ አስተማሩኝ። ኮርድ ሦስት ድምፅ አንድ ላይ ሲነካ ነው። አኮርዲዮኑ በግራ በኩል ቁልቁል የተደረደሩ ትንንሽ ክብ መጫኛዎች አሉት፤ አንዱን ስትጫነው ሦስቱን ድምፅ በአንዴ ያወጣል። ኪይ የሚሉት ደግሞ ዘፈኑ ቤቴ የሚለው ድምፅ ነው፤ ከእሱ ተነስቶ፣ ዞሮ ዞሮ እሱ ላይ ያርፋል። የእሳቸው ኪይ ዲ ነበር።

«ዘፈን ከቤቱ ይወጣል» አሉ። «ቤቱ ዲ ነው። ጎረቤት ሄደ፤ ጎረቤቱ ጂ ነው። ጎረቤት ትንሽ ቢቆይ ማንም አይቆጣውም። ቀጥሎ ፌርማታ ሄደ። ፌርማታው ኤ ነው። ፌርማታ ላይ ሰው ይኖራል?»

«አይኖርም።»

«ምን ያደርጋል?»

«ታክሲ ይጠብቃል።»

«ወዴት ሊሄድ?»

«ሳሪስ» አልኩ፤ አክስቴ ያለችው እዚያ ነው።

«ሳሪስ የሚባል ኮርድ የለም» አሉ። «ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። ፌርማታ የደረሰ ዘፈን የሚያስበው ቤቱን ብቻ ነው።»

እኔ ግን ነገሩን እንደ ሰው ጉዞ ነበር የያዝኩት። ኤ ላይ ስደርስ ሁሌ የአቃቂ ፌርማታ፣ ሚኒባሱ፣ «ቃሊቲ፣ ሳሪስ» የሚለው ወያላ ነው የሚታየኝ። ዘፈኑ ለምን አንድ ቀን እንኳ ሳሪስ ወርዶ አክስቴን ጠይቆ እንደማይመለስ አይገባኝም ነበር።

ልክ ነበርኩ የምለው ነገር አንድ ጊዜ ጠየቅኩ። የቲቸር ዮናስ ዘፈን በትዝታ ቅኝት ነው፤ አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። በዲ ስናነሳው ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ እና ቢ። በጣቴ ቆጠርኩ። ጂ የለም። «ጋሼ፣ ዘፈኑ ውስጥ የሌለውን ጂ ለምንድን ነው ኮርድ የምናደርገው?» አልኳቸው።

ያን ቀን ብቻ ነው ሲደሰቱብኝ ያየሁት። ከወንበራቸው ተነሱ። «የጂ ኮርድ ውስጥ ማን ማን አለ? ጂ፣ ቢ፣ ዲ። ቢና ዲ የቤቱ ልጆች ናቸው። ጂ እንግዳ ነው፤ ልጆቹ ይዘውት ገቡ። ውሃ ይጠጣል፣ ይሄዳል። እንዲያድር አይፈቀድለትም። ፈረንጅ ኮርዱ ላይ እንደልቡ ይቆያል፤ የእኛ ቅኝት ግን ጠባብ ቤት ነው፣ እንግዳ ካበዛሽበት ዘፈኑ የእኛ መሆኑ ይቀራል።» እውነታቸውን ነው። ዛሬም ዘፈን ስሰማ እንግዳው ስንት እንደቆየ እቆጥራለሁ። ያኔ ግን ጂ ላይ አንድ ምት ከጨመርኩ ትከሻዬን በሁለት ጣት ይመቱኛል፤ ከማድነቅ ይልቅ ትከሻዬን ነበር የማሸው።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ በጣም ተናድጄ ሆን ብዬ ኤ ላይ አቆምኩ። አኮርዲዮኑን አስቀምጬ «እማዬ ትጠራኛለች» ብዬ ወጣሁ። እማዬ አልጠራችኝም። ቤት ገብቼ ምሳዬን አቀረብኩ። ገና ሁለት ጉርሻ ሳልጎርስ በሩ ተንኳኳ፤ ጋሽ ታደለ ናቸው፣ አኮርዲዮኑን አንግበው።

«ልጅሽ ዘፈኑን ፌርማታ ላይ ትታው መጣች» አሏት እማዬን።

እማዬ የሰፈር ሰው የረሳሁ መሰላት። «ማንን ነው የተወችው?» አለች።

«ትጨርሰው። እኔ ምሳ መብላት አልቻልኩም።»

እጄን ታጥቤ፣ የቤታችን ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ አንዲት ዲ ተጫንኩ። «እህ» ብለው ተነፈሱ፤ አኮርዲዮኑን ተቀብለውኝ ወደ ምሳቸው ሄዱ። እማዬ ሳቋን ለማፈን ወደ ውስጥ ገባች። እኔ አልሳቅኩም። የሰው ልጅ በአንድ ኮርድ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላምንም ነበር።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልኩት ከራሄል ጋር የመጣውን ነው።

መጋቢት ላይ ዘፈኑን መጫወት ስችል ራሄልን ይዤያት ሄድኩ። ራሄል ነጻ ድምፅ ናት፤ ከልቧ ስትዘፍን ድምፅዋ ራሱ ወደሚመቸው ይሄዳል፣ የሚመቸው ደግሞ ጂ ነበር። እዚያ ላይ ሲሆን ቃሉ ጥርት ይላል፣ ከላይ ያለውን ስታነሳው አንገቷ እንኳን አይወጠርም። መጀመሪያ ያለ አኮርዲዮን ዘፈነች፤ ጋሽ ታደለ አፍንጫዋ ሥር ተቀምጠው፣ ከንፈሯ ላይ አፍጠው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው አዳመጧት። ሲያበቃ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዝቅ አድርጊው» አሉኝ። «ዲ ላይ።»

በዲ ሞከርን። የስንኙ መጨረሻ ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚያ ሲደርስ ራሄል ድምፅ አልቀራትም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣት። «አየሽ፣ አሁን ዘፈን ሆነ» አሉ። አኮርዲዮኑ ጎን ላይ መዳፋቸውን ጭነው ነበር። ስጫወት ሁሌ እንዲህ ይጭኑብኛል፤ ከጉልበቴ እንዳልጥለው የሚሰጉ ይመስለኝ ነበር፣ ክብደቱ ሳያንሰኝ የእጃቸው ይጨመርበታል።

ሚያዝያ ላይ ቲቸር ዮናስ ሙሉ ክፍሉ ፊት አስለመደን። በዲ ተጫወትኩ፤ ሌላ አላውቅማ። ግድግዳ ላይ የለመድኩት ዲ ነው፣ ጣቴ የሚያውቀው ዲ ነው። ራሄል የስንኙ መጨረሻ ላይ ስትደርስ እንደ ወንድ ጎረነነች። ከኋላ ያሉት ሳቁ። በእረፍት ሰዓት «ሻምበል» የሚል ስም ወጣላት፤ በሳምንቱ ሦስተኛ ክፍሎች ሳይቀሩ ሻምበል እያሉ ሰላምታ ይሰጧት ጀመር። ራሄል እንባዋን ዋጥ አድርጋ «ወይንሸት፣ ወይ ከፍ ታደርጊዋለሽ፣ ወይ ሌላ ሰው ይዝፈንልሽ» አለችኝ። ሌላ ሰው የለም። ራሄል ከቀረች ዘፈኑ ይቀራል፤ እኔም ከግድግዳው ጀምሮ ያሳለፍኩት ቅዳሜ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ቅዳሜ ሁለታችንም ሄድን። ወደ እሳቸው ዞሬ፣ አፌን ከፍቼ፣ በሥርዓት ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ ዲ ላይ ይከብዳታል። ጂ እናድርገው።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«እዚያ ላይ ድምፅዋ ይጠፋል» አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት ይባላል? በአቃቂ ያለ ሰው ሁሉ የሚመሰክርለትን ድምፅ። ራሄል ቦርሳዋን አንስታ እያለቀሰች ወጣች። እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ግን የንዴት ነበር። እትዬ ዘነበች ከጓዳ ብቅ ብለው ባላቸውን አዩዋቸውና በከንፈር ብቻ አንድ ነገር ተናገሯቸው። ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን ሰበሩ። ለእኔ ግን ማንም ምንም አላለኝም።

ከዚያ በኋላ የማይገባኝ ነገር በዛ። ጋሽ ታደለ ተነስተው ጓሮ ጎመናቸውን ውሃ ሲያጠጡ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ እጄን ወደ ጂ አሻግሬ፣ እየተደናበርኩም ቢሆን፣ ዘፈኑን እሞክር ነበር። ዝም ይላሉ። ጭጭ። ተመልሰው ሲቀመጡ እጄን ያዩና «ማን ውጪ አለሽ ከዲ?» ይላሉ። የደረስኩበት ድምዳሜ፣ ሰውዬው ጎመን ሲያጠጡ ልባቸው ይራራል፣ ሲቀመጡ ክፋታቸው ይመለሳል የሚል ነበር። እንዲያውም አንድ ሰሞን ከመሬት ተነስቼ «ጋሼ፣ ጎመኑ ውሃ አይፈልግም?» እላቸው ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ያጠጡት ቀን አለ።

መፍትሔውን ያመጣው ቲቸር ዮናስ ነው። ግንቦት ላይ ኦርጋኑ አጠገብ ተቀምጬ ስነጫነጭ ሰማኝ። የነገርኩት ግማሹን ነው፤ ከዲ ሌላ አልችልም አልኩት። ሳቀና አንድ ትንሽ ቁልፍ አሳየኝ። ትራንስፖዝ ይባላል። «ጣትሽን ባለበት ተዪው» አለኝ። «ይህችን አምስት ጊዜ ስትጫኛት ድምፁ ብቻ ወደ ላይ ይወጣል። አንቺ ዲ ትነኪያለሽ፣ የሚሰማው ጂ ነው።»

አምስት ጊዜ ተጫንኩ። ዲን ነካሁ። ጂ ወጣ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የተጣላሁበት ነገር በአንዲት የጥፍር ታህል ቁልፍ አለቀ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ንዴቴ ባሰ፤ አኮርዲዮኑ ይህ ቁልፍ ቢኖረው ኖሮ ስንቱ ነገር ይቀር ነበር። ራሄልን ከደጇ ድረስ ሄጄ አመጣኋት። በጂ ዘፈነች። ስትጨርስ ክፍል ሊጠርጉ የመጡት ልጆች መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመው ነበር። የዚያን ቀን ሻምበል ያላት የለም።

አሁን የቀረኝ ጭንቀት አንድ ነው፤ ጋሽ ታደለ በዓሉ ላይ እመጣለሁ ብለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በዲ እየተለማመድኩ፣ ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት ቤት በጂ እየተጫወትኩ ሰኔ ገባ። ሰሚ ሰው ናቸው፣ የኪነት ሰው ናቸው፣ ገና የመጀመሪያው ድምፅ ሲወጣ ተነስተው ሰው ሁሉ ፊት «ዝቅ አድርጊው» ይሉኛል ብዬ ስፈራ ሰነበትኩ። መድረክ ላይ ልዋረድ ነው ብዬ ለእማዬ ነገርኳት። «ታዲያ አንዴ ሰው የሚልሽን ብትሰሚ ምን አለበት» አለችኝ። እሷም አናደደችኝ።

የበዓሉ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ዳይሬክተሩ ንግግር ሲያደርጉ ከአፋቸው ይልቅ ጣሪያው ነበር የሚሰማው። የእኛ ተራ ሲደርስ ዝናቡ ቀነስ አለ። ጋሽ ታደለ የኪነት ጊዜያቸውን ኮት ለብሰው፣ ከረቫት አስረው፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ከኦርጋኑ ሁለት እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል። ቁልፏን አምስት ጊዜ ተጫንኩ። እጄን ዲ ላይ አስቀመጥኩ። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው ጣቶቼ ላይ ነው።

ጀመርኩ። ራሄል ገባች። አልተነሱም።

ከቤት ወጣን፣ ጎረቤት ደረስን፣ እንግዳው ውሃውን ጠጥቶ ሄደ፣ ፌርማታ፣ ቤት። ራሄል ከላይ ያለውን ስታነሳ አዳራሹ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። የራሄል እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ጋሽ ታደለ ጣቶቼን እያዩ በጉልበታቸው ላይ ምቱን ይመታሉ፤ ፊታቸው ሙሉ ሳቅ ነው። ስንጨርስ ጭብጨባው ከዝናቡ በለጠ። ሰው ሲያጨበጭብ አይተው እሳቸውም ከሁሉ ኋላ ማጨብጨብ ጀመሩ።

ሰው መበተን ሲጀምር ወደ ኦርጋኑ መጡ። «አየሽ?» አሉኝ በዚያ ድምፃቸው፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከዲ ሳትወጪ። ይኸው ልጅቷም አማረባት። ዲ ነው አላልኩሽም?»

ልፈነዳባቸው ነበር። ስድስት ወር ያጠራቀምኩት ነገር አፌ ላይ ደረሰ። ግን ፊት ለፊት ማለት ፈራሁና የኦርጋኑን ገመድ የምጠቀልል መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። «ጂ ላይ ነው የተጫወትኩት» አልኩ። መልስ የለም። ተኩራርተው ዝም ያሉኝ መሰለኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። «ጋሼ፣ ጂ ነው የነበረው፤ ዲ አይደለም።» ዞር ስል ባዶውን ኦርጋን እያዩ ፈገግ ብለው ቆመዋል።

ያኔ ነው የገባኝ። ቁጭ ብዬ አስቤ የደረስኩበት አይደለም፤ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ጎመኑ። አኮርዲዮኑ ላይ የሚጭኑት መዳፍ። ወደ እኔ ዞረሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ። እዚያ ላይ ድምፅዋ ይጠፋል። ድምፅዋ የጠፋው እሳቸው ጆሮ ውስጥ ነው፤ የሚሰሙት ነገር ካለም የሚሰሙት ከታች ያለውን፣ ወፍራሙን ብቻ ነው። የሽመና ክፍሉ ጆሯቸውን ከላይ ጀምሮ በልቶታል። ሰፈራችን ደግሞ ሁሉም ስለሚጮህ፣ ሁሉም በከንፈር ማውራት ስለሚችል፣ አንድ ሰው መስማት ቢያቆም ማን ያውቅበታል?

ገመዱን ይዤ እንደቆምኩ ቲቸር ዮናስ እየሮጠ መጣና የጋሽ ታደለን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። «ጋሼ፣ ምን ዓይነት ተማሪ ነው ያወጡልን» አላቸው፤ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ነው የሚናገረው። «ጂ ላይ ስትሆን ራሄል እንዴት አማረባት።»

ፈገግታቸው እዚያው ፊታቸው ላይ ቆመ። የቲቸር ዮናስን ከንፈር አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እንደዚያ ቀን ሰው ፈርቶ አይቼ አላውቅም፤ ይህን ያህል ትልቅ ሰው፣ ኮትና ከረቫት ያደረጉ፣ እኔን ፈርተው።

«ዲ ነው» አልኩ፤ ወደ እሳቸው ዞሬ፣ አፌን ከፍቼ። «ቲቸር ተሳስቷል።»

ቲቸር ዮናስ ሊናገር ሲል እግሩን ረገጥኩት።

ጋሽ ታደለ «ዲ ነው» አሉ። «አይቻለሁ።»

የዚያን ሳምንት በሙሉ ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም። አዘንኩላቸው፣ አልዋሽም። ግን ሐዘኑ ንዴቴን አላበረደውም። ሰው ስንት ወር ልጅ ሲያስለቅስ ዝም ይላል? እትዬ ዘነበችስ፤ ጓዳ ሆነው ሁሉን ሲሰሙ አንድ ቀን ጠርተው «ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» ቢሉኝ ምን ነበረበት? ራሄል ሻምበል ተብላ ዓመቱን ጨረሰች። ግድግዳ ላይ በከሰል የጠቆርኩት እኔ። ባልና ሚስቱ የሚያውቁትን ነገር እኔ በትከሻዬ ከፈልኩ።

ቅዳሜ ላልሄድ ወስኜ ነበር። እማዬ ግን ወጥ በሰሐን አድርጋ «አድርሺላቸው» ብላ ላከችኝ። ጋሽ ታደለ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ አኮርዲዮኑ ከሳጥኑ ወጥቶ አጠገባቸው ነው፣ ግቢው ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል። ሰሐኑን አስቀመጥኩ። በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ። ተቀመጥኩ። አኮርዲዮኑን ጉልበቴ ላይ አድርገው ማንገቻውን ራሳቸው አስተካከሉልኝ።

«ራሄል ድምፅዋ የቱ ላይ ነው የሚያምረው?» አሉኝ። አልጮሁም። ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ጂ ላይ» አልኳቸው።

«ጂ» አሉ። ቀኝ እጄን ያዙና ቁልፎቹ ላይ ከዲ አንስተው ጂ ላይ አስቀመጡት። «የእኔ ጆሮ እዚያ አይደርስም፣ ወይንሸት። ከእንግዲህ አንቺ ስሚልኝ።»

ይኸው ነው። ይህችን ለማለት ነው ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ። እንባዬ መጣ፣ ከእንባዬ ጋር ንዴቴ መጣ፤ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ። ወደ እሳቸው ዞርኩና አንድም ሳላስቀር ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የከሰሉን፣ የትከሻዬን፣ ራሄል ያለቀሰችውን፣ ሻምበልን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ያጠጡትን ጎመን፣ ትንሿን ቁልፍ። ጮኼ ነው የነገርኳቸው፤ አጥር ማዶ እማዬ «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» እስክትል ድረስ። ጋሽ ታደለ አላቋረጡኝም። ዓይናቸውን ከከንፈሬ ላይ ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻዋ ቃል አዳመጡኝ።